ሁለት ግራ ጎን

የጊታር ጎን ማለት ስስ ጣውላ ነው፣ ልጆቼ። በውሃ ታርሱታላችሁ፣ የጋለ ቱቦ ላይ ታስደግፉታላችሁ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። እሺ ሲል ይታጠፋል፤ እሺ ሳይል ብትጫኑት ይሰበራል። ከሰው ብዙም አይለይም።

እኔ የምሠራው በከሰል ነው። ቱቦዬን ከአሮጌ ጭነት መኪና ጭስ ማውጫ ቆርጬ፣ በመዶሻ ደብድቤ የእንቁላል ቅርጽ አስይዤዋለሁ፤ ሆዱን ፍም እሞላዋለሁ። የሚስቴ ወንድም ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አያምንም። ሶኬት ነው የምንለው። እሱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሬዚስታንስ፣ ያን የሚግል ሽቦ፣ ቱቦ ውስጥ ከትቶ፣ የካውያ ሙቀት መቆጣጠሪያ ገጠመለት። ካውያው የቤታችን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሸሚዜ እንደተጨማደደ ነው የምወጣው።

ሱቃችን ጠባብ ነው። ሁለት የጋለ ቱቦ ቆሞበት ሦስተኛ ሰው ከገባ አንዱ መቃጠሉ አይቀርም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ መነሳት ነበረበት። የትኛው እንደሆነ እኔም ሶኬትም በደንብ እናውቅ ነበር፤ የምናውቀው የተለያየ ነው እንጂ።

ነገሩን የቆረጠችው ሚስቴ ናት። የእሷንና የሶኬትን ሟች እናት ቁም ሳጥን ምስጥ ጨርሶት፣ ከበሩ ላይ ሁለት ስስ ጣውላ ብቻ ደህና ተረፈ። እኛ ለስንቱ ጊታር ስንሠራ፣ እሷ እስከዛሬ የምትጫወተው በተዋሰችው ነው። ጣውላዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ለኔ ጊታር ይሁኑ። አንድ አንድ ጎን እጠፉ፤ ያማረውን እመርጣለሁ፣ የተሸነፈው ቱቦውን ይዞ ይወጣል። ብትሰብሩት ግን ሌላ እናት የለኝም።»

የጊታር ጎን እንደ ጫማ ግራና ቀኝ አለው። የእያንዳንዱ ጎን አንዱ ጠርዝ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጠርዝ ዘንበል ያለ ስለሆነ፣ አንዴ ከታጠፈ ገልብጦ መጠቀም የለም። ይህን ከእንቅልፋችን ብትቀሰቅሱን እንነግራችኋለን። ያን ቀን ግን አንዱ የሌላውን ዘዴ እንዳይሰርቅ ጀርባ ለጀርባ ቆምን።

«ጋሼ፣ ጭስህ ዓይኔን አጠፋው እኮ!»

«ድሮስ መች ታያለህ? ይልቅ ያንተ መብራት አለ?»

«አለ።»

«ተመስገን በል፣ ዝም ብለህ ሥራ።»

ቱቦዬ ላይ ጠብታ ውሃ ጣል አደረግኩ፤ ዘለለች። ደርሷል ማለት ነው። እርጥቡን ጣውላ አስደገፍኩት። ወገቡ ጋ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤ እሺ አለኝ። ከኋላዬም ድምፅ ጠፍቷል። ሶኬት ዝም ካለ እየሠራ ነው።

ስንጨርስ ሚስቴ መጣች። የኔን ጎን የጊታሩ ቅርጽ በተቆረጠበት ፎርማ ውስጥ፣ በግራ በኩል አስገባችው። ልክ። አውጥታ የወንድሟን በቀኝ በኩል ሞከረች። እምቢ። በግራ ሞከረችው። ልክ።

«ሁለቱም ግራ ናቸው» አለች።

«የኔማ ግራ ነው» አለ ሶኬት። «ቀኙን መሥራት የነበረበት ጋሼ ነው።»

«ማነው የከፋፈለን? ግራውን የያዝኩት እኔ ነኝ!»

«መቼ ተናገርክ?»

«አንተስ?»

ሚስቴ ሁለቱን ግራ ጎን ታቅፋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እሳት የነካው አሮጌ እንጨት የተኛ ሽታው ይነሳል።

«የእማዬን ልብስ ይሸታል» አለች።

ሶኬት ጠጋ ብሎ አሸተተ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ጭሱ ነው።

ከሁለቱ አንዱ ተመልሶ ተቃንቶ ወደ ሌላው ወገን መታጠፍ አለበት። እንዲህ የሚደረግ ጣውላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይሰነጠቃል።

«የኔ ይሁን» አለ ሶኬት።

«አይሆንም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጋሼ፣ የኔ ነው እያልኩህ!»

«የኔ ነው ብያለሁ፣ አትከራከረኝ!»

«እንጨቱስ ይታረቃል» አለች ሚስቴ፣ «እናንተን ነው ያቃተኝ።» ዓይኗን ጨፍና አንዱን መዘዘች። የኔ ነበር።

በክርክሩ መሃል ከሰሌ ጠፍቶ ስለነበር ሥራው በሶኬት ቱቦ ላይ ሆነ። ለሌላ አይደለም። ፊት ለፊት ቆመን፣ እሱ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ያዝን። ጣውላው ቀስ እያለ ተዘረጋ። ወደ ቀኝ ልናጥፈው ወገቡ ጋ ስንደርስ «ጧ!» አለ። ሚስቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«ጉልበቴ ነው የጮኸው» አለ ሶኬት።

ደግሞ ጠበቅን። እሺ አለ። ሚስቴ ተቀብላን ፎርማው ውስጥ በቀኝ በኩል አስገባችው፤ ገባ። በጣቷ እየዳበሰች ወገቡ ላይ አንዲት ቡናማ ቃጠሎ አገኘች።

«ይቺን ማን ነው ያቃጠላት?»

«እሱ» አልን፣ እኩል።

ማን እንዳሸነፈ ስጠይቃት ቀና ብላም አላየችኝ። «ሁለቱም ቱቦ ይቀመጥ። ጀርባ መሰጣጠት ግን ከዛሬ ወዲያ ቀርቷል።»

ጊታሩ ተሠራ፤ ድምፁ ደህና ነው። እኛም ይኸው ፊት ለፊት እንሠራለን። ቀኑን ሙሉ ሶኬትን ማየት ቀላል ነገር አይደለም፣ ልጆቼ። ደንበኛም እንዳይቃጠል በር ላይ ቆሞ ነው የሚያናግረን።