እትዬ አፍንጫ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ አፍንጫ» ነው የሚላት። ዝናብ በጣለ ማግስት ጫካ ገብታ የሚበላውን እንጉዳይ ከማይበላው የምትለየው አሽትታ ነውና፣ ቅጽል ስሙ ያኮራታል እንጂ አያስከፋትም። በቤታችን አንድ ሕግ አለ፤ «ይበላል» ብሎ የፈረደ ሰው መጀመሪያ ብቻውን ይቀምሳል፣ ሌሎቻችን እስከ ማግስቱ እንጠብቃለን። ዕድሜ ልኬን ቀማሿ እሷ ናት፤ ምራቄን የምውጠው ደግሞ እኔ።

ዛሬ ጠዋት የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ቅርጫት ይዤ ተከተልኳት። ጫካውን ጉም ውጦታል። ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ የሉም። ከረገፈው ቅጠል መሀል ቢጫ እንጉዳዮች ብቅ ብቅ ብለው ሳይ፣ እንቅልፌን ያልጨረስኩ መስሎኝ ዓይኔን አሸሁ።

አክስቴ ተንበርክካ አንዱን ነቀለች። ቆቡን ገለበጠችው፤ ከቆቡ ሥር እስከ እግሩ የሚወርዱ ወፋፍራም መስመሮች አሉት። ሰነጠቀችው፤ ውስጡ ነጭ ነው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች። በጣም ቆየች።

«እህ? ይበላል አይበላም? ጉልበቴ እኮ ራሰ!» አልኳት። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«እስቲ አንቺ አሽትቺው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አሽትቺው አልኩሽ!»

አሸተትኩት። «የበሰለ ኮክ፤ ኮክ ኮክ ይላል።»

«ተመስገን፤ ኮክ ካለ ይበላል» አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። «ባለፈው ከያዘኝ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ሽንኩርት ሲያርብኝ እንኳ የምትነግረኝ ጎረቤቴ ናት። ለማንም እንዳትናገሪ፤ አፍንጫ የሌላት እትዬ አፍንጫ ልባል ነው?»

ለካ ሰሞኑን «ጉልበቴን አመመኝ» እያለች ከጫካ የቀረችው ለዚህ ነው።

ምሳ ላይ የጠበስነውን እንጉዳይ ባሏ እንደ ወትሮው እሷ ፊት አስቀመጠው። «በይ የጅብ ጥላሽን ቅመሺ፤ ነገ በሕይወት ካለሽ እኛም እንበላለን» አለና ሳቀ። ኮክ ነበር ወይስ መስሎኝ ነው? በእኔ አፍንጫ አክስቴን ልገድላት ነው? ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ ባሏ።

ማን እንደፈረደ ብናገር ምስጢሯ ይወጣል። ሳህኑን ግን አልለቀቅኩም።

«ተዋት» አለችው አክስቴ። «ዛሬ የፈረደችው እሷ ናት። እኔ ማሽተት ካቆምኩ ቆየሁ።»

እንደ ሕጉ ሹካዬን አነሳሁ፤ ከእኔ ቀድማ ግን ጎረሰች።

«ሕጉስ?» አለ ባሏ ደንግጦ።

«ሕጉ ለማይተማመን ነው» አለችና አላመጠች፣ አላመጠች፤ ፊቷ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ ንገሪኝ፤ ጣዕሙ ምን ምን ይላል?»

ቀመስኩና «ኮክ ኮክ» አልኳት።

ዓይኗን ጨፍና ማላመጧን ቀጠለች።