ተምራለች

ጸሐፊዋ ያንን ደብዳቤ ስትተይብ ልቧ አልፈቀደም። በፈተና ስትኮርጅ የተያዘችው ተማሪ የዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ናት። ርእሰ መምህሩ ደግሞ አንዴ «ትባረር» ካሉ አለቀ ደቀቀ!

እናትየው መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወረቀቱን ተቀበለች። ፊደል የቆጠረችው ከወለደች በኋላ ስለሆነ ጣቷን እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። «መ...ል...ቀ...ቂያ። ተማሪዋ እስከ አሥረኛ ክፍል... ተ...ም...ራ...ለች።» ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ተምራለች! ልጄን ማሯት! ለቀቁልኝ! እሰይ የኔ እናት፣ እጅሽ ይባረክ!» ብላ ጸሐፊዋ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ጉድ በሉ እንግዲህ! አሁን ለዚህች ሴት «ማባረሪያ ነው» ተብሎ እንዴት ይነገራል? ጸሐፊዋ ከእናትየው እቅፍ ቀስ ብላ ወጣች። ሹልክ ብላ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

እሳቸው የቋንቋ መምህር ነበሩ፤ የቃል ዘር መቁጠር ከጀመሩ ደወልም አያስቆማቸው። ነገሩን ሲሰሙ ሳቃቸው መጣ።

«እሷ ምን ታድርግ! በጥንቱ ቋንቋ እኮ ሁለት ቃላት ናቸው። ትምህርት በሃሌታው ሀ፣ ምሕረት በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። የኛ ጉሮሮ ሰነፈና ሁለቱንም ‹ተማረ› አልናቸው።»

«እንግዲያው ራስዎ ይንገሯት ጋሼ» አለች ጸሐፊዋ፣ ደሟ ፈልቶ። «እኔ በበኩሌ አልችልም።»

ወጡ። ሁለቱን ፊደላት በወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፈው፣ አንድ በአንድ ለእናትየው አስረዷት። ቀጥለውም ልጅቷ መባረሯን ነገሯት። ጸሐፊዋ እሪ ትላለች ብላ ፈርታ ነበር። ሴትየዋ ግን አላለቀሰችም፤ ፊደላቱን ትክ ብላ አየቻቸው።

«እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ ጋሼ፣ ይሄንን አልለይም» አለች። «ልጅቷ አጥፍታለች፣ አልክድም። ግን አጥፍታ ካልተማረች መቼ ልትማር ነው?»

ርእሰ መምህሩ የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ጸሐፊዋ እኚህን ሰው ቃል ሲያጥራቸው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ወረቀቱን ከእናትየው እጅ ቀስ ብለው ወሰዱ።

«ሰኞ ትምጣ» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «ፈተናውን እኔ ራሴ፣ ብቻዋን እፈትናታለሁ።»