ከራስጌዋ ያለው ወንበር

ባለቤቴ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ከሥነ ልቦና ሐኪሟ ጋር በቪዲዮ ትነጋገራለች። ድሮ ክሊኒኩ ሄዳ ሶፋ ላይ ትጋደም፣ እሱም ከራስጌዋ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ቤትም ያው እንዲሆን ብሎ ስልኩን ከራስጌዋ፣ የእኔ ወንበር ላይ እንድታቆመው አዘዛት። እኔ በረንዳ ወጣሁ።

"ለመሆኑ ምን ይልሻል?" አልኳት አንድ ቀን።

"ዝም ይላሉ። እኔ አወራለሁ።"

አርባ ዓመት ሙሉ ከአጠገቧ ዝም ብያለሁ፤ የእኔን ዝምታ ማን መድኃኒት ብሎት ያውቃል?

ባለፈው ማክሰኞ የረሳሁትን መነጽር ልወስድ ከበረንዳ ገባሁ። መስመሩ ተቋርጦ ስልኩ ጠቁሯል። እሷ ግን ጀርባዋን እንደሰጠች ስለ ሟች እህቷ ታወራለች። ዝምታው የሐኪሙ መስሏታል። ለእኔ የእህቷን ስም እንኳ አንስታ አታውቅም። ቆሜ ሰማሁ።

"ዶክተር፣ አሉ?"

"ተቋርጧል። እኔ ነኝ።"

አልዞረችም። "ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምከው?"

"ከእህትሽ ጀምሮ።"

"በል ተቀመጥ። ግን እንደሳቸው ዝም በል" አለች።

ስልኩን አንስቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ሐኪሙ መልሶ ደወለ፤ ስልኩ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

አጠፋሁት።