ደብሪቱ ጤፍ የዘራችበት ክረምት

ልጆቼ፣ ዶሃ፣ ኦልድ ኤርፖርት የሚሉት ሰፈር አንድ ክፍል ተዳብለን ስንኖር ክፍሌ የሚባል የቆቦ ሰው አብሮን ነበር። ሹግሉ፣ ሥራው ማለቴ፣ አል ዱሃይል የሚባል ሰፈር ነው፤ የአንድ ግቢ በር ጠባቂ። ሚስቱ ደብሪቱ አገር ቤት ሆና ማሳውን ታሳርሳለች። የልጆቹ የዓመት ቀለብ ከዚያች ማሳ ነው።

በሚያዝያ አንድ አርብ በኢሞ ደወለች። በአንድ ክፍል ምስጢር የለም፤ ሁላችንም ሰማን።

«ዘንድሮ ማሽላውን ልተወው ነው» አለችው። «የግብርናው ባለሙያ ኤልኒኖ መጥቷል ብሎናል። አንድ ሩቅ ውቅያኖስ በየጥቂት ዓመቱ ይሞቃል አሉ። እሱ ሲሞቅ የኛ ክረምት ዘግይቶ ይገባና ቸኩሎ ይወጣል። ማሽላ ቀርፋፋ ነው፣ አይደርስልኝም። ቶሎ የሚደርሰውን ጤፍ ልዝራ።»

«ኤልኒኖ የየት ክለብ ተጫዋች ነው?» አለ ፍሬዘር፣ የአዲስ አበባው ልጅ፣ ከላይኛው አልጋ።

ክፍሌ አልሳቀም። «በልጉ ጥሩ ጥሏል እኮ! አባቴ በዚያ ማሳ ከማሽላ ሌላ ዘርቶ አያውቅም። ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ልጆቼን አያበላልኝም። ግን አንተ እሺ ካላልክ ጎረቤታችን ፍፁም በሬውን አይሰጠኝም።»

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ደብሪቱ ያላት አንድ በሬ፤ ጎረቤቷ ፍፁምም አንድ። ሁለቱን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ የምንለው ነው። ፍፁም የተቀናጀው ከክፍሌ ጋር ስለሆነ የክፍሌን ቃል ካልሰማ ንቅንቅ አይልም።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ማሽላ ነው!» ብሎ ዘጋባት።

እራቱን እስኪበላ ጠበቅኩና፣ «ክፍሌ፣ ዶሃ ያመጣህ ማነው?» አልኩት።

«ኤጀንሲ ነዋ፣ ጋሼ።»

«በ2007 ክረምት ማሽላህ ቆሞ ቢደርቅብህ አይደል የወጣኸው? ያኔም ኤልኒኖ ነው ያሉት። አባትህ ዘንድሮን አላዩትም፣ የኔ ልጅ። ደብሪቱ እያየችው ነው።»

ክፍሌ ስልኩን አነሳና ፍፁም ጋ ደወለ።

«ስማ፣ ደብሪቱ ያለችህን እረስ። የሷ ቃል የኔ ቃል ነው።»

«አባወራዋ እሷ ሆነች በለኛ!»

«አዎ ሆነች! ያላ፣ በሬህን አቀናጅ!»

ፍሬዘር አጨበጨበለት።

የዚያ ክረምት የዶሃ ሙቀት አስፋልት ያቀልጥ ነበር። ክፍሌ ከበሩ ላይ ሆኖ «ጣለ?» እያለ ይደውላል። ሐምሌ ተጋመሰ፣ ዝናቡ የለም። ከዚያ መጣ፣ መጣና መስከረም እንደጠባ ቀጥ አለ። የሰፈሩ ማሽላ ገና ሳያሸት ቆሞ ቀረ። የደብሪቱ ጤፍ ግን መሬቱ በያዘው እርጥበት ፍሬውን ጨረሰ።

በኅዳር በቪዲዮ ደወለች፣ ከአውድማው ላይ። ከኋላዋ ክምሩ ይታያል።

«እስከ መጪው መኸር ይበቃናል! ለጎረቤት የሚሆን ዘርም ተርፎኛል!»

እልልታው ክፍሉን ሞላው። የፍፁም ፊት ብቅ አለ። እሱም ያን ሁሉ ስቆባት፣ ለካ ግማሽ ማሳውን ጤፍ ዘርቶ ኖሯል። «አባወራዋ አትርፋናለች!» አለ።

ክፍሌ አልጋው ላይ ወጥቶ፣ «የደብሪቱ ባል!» እያለ ፎከረ። ጎረቤቶቻችን ፓኪስታኖቹ ግድግዳውን ደበደቡ፤ ማን ይሰማል!

«ደብሪቱዬ፣ እስቲ ክምሩን አስጠግተሽ አሳዪኝ!» አላት።

«በል ዝጋ» አለችው። «ነፋሱ መጣልኝ፣ ገለባውን ልለይበት።»