ስድስት መቶ ኪሎ

ፒክአፑ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ጀልባ ሠሪው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ያለ የሌለ ክብደቱን ፍሬኑ ላይ ባለችው እግሩ ላይ ጣለ። አልሆነም። ከኋላ ተጎታቹ ላይ የተቀመጠው ጀልባ ወደ ወጣበት ውኃ ሊመለስ ቆርጧል፤ መኪናውንም ይዞት ሊወርድ ነው። በዚያ ዳርቻ ከቆመው ሰው ሁሉ ማን ማንን እየጎተተ እንደሆነ ያልገባው አልነበረም።

"ነዳጅ ስጠው" አለችው ታላቅ እህቱ፣ ከጎኑ ሆና የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ።

"ሰጥቼዋለሁ።"

"ጨምርለታ።"

ጨመረለት። የኋላ ጎማዎቹ እርጥቡን ሲሚንቶ እየፋቁ ባሉበት ዞሩ። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ከዚያ ሞተሩ አንዴ አጓራና ጸጥ አለ፤ ውኃው የኋላ ጎማዎቹን እስከ ወገባቸው ዋጣቸው።

ራቅ ብሎ በተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ላይ ጀልባ በትከሻ የሚያወጡት አሥራ ሁለት ተሸካሚዎች ተቀምጠው ነበር። ማንም አልጠራቸውም። ራሳቸው ተነሡና ትልልቅ ድንጋይ እያነሡ መጥተው ከጎማዎቹ ሥር ወሸቁ። አለቃቸው ከቁመቱ የተነሣ "ምሰሶ" እየተባለ የሚጠራ ሰው ነው። በጋቢናው መስኮት በኩል ጎንበስ አለ።

"ዓሣ በመኪና ማጥመድ ጀመርክ እንዴ ወዳጄ?"

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ጀልባ ሠሪውም ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እሺ አላለውም። ፒክአፑን የገዛ ዕለት እነዚህኑ ሰዎች ሰብስቦ "ከእንግዲህ ትከሻችሁ ይረፍ" ብሏቸው ነበር። እንደ ቸር ሰው ነበር ያለው። እነሱ ግን ከነገ ጀምሮ ሥራ የለም ማለቱ እንደሆነ ገብቷቸው፣ እርስ በርሳቸው ተያይተው ነበር የሄዱት።

"ትከሻችን ዐርፎ ነበር፤ ምን ይደረግ" አለ ምሰሶ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ እየጠመጠመ። "በል ፍታው።"

ተጎታቹን ከመኪናው ፈቱት። አሥራ ሁለቱም በገመድና በትከሻ፣ "እህ" እየተባባሉ፣ ጀልባውን ከነተጎታቹ ደረቅ መሬት ላይ አወጡት። ፒክአፑ ባዶውን ሲቀር እንደ ፍየል ዘሎ ወጣ። ከሁሉም ያሳፈረው ይኸ ነው። ጨርሶ ባይነሣ ኖሮ ተበላሸ ይባል ነበር።

ምሰሶ እጁን በሱሪው ጠራረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሸጠልህ ሰው ይህን ጀልባ ይጎትታል ብሎህ ነው?"

ጀልባ ሠሪው አፉን ከፈተ። እህቱ ቀደመችው።

"አታሎን ነው እንጂ! እንጨት እንጂ መኪና የማያውቅ ሰው ሲያገኝ ጊዜ የማይሆነውን ሸጠልን። ተነሥ፣ አሁኑኑ ወደ እሱ ነው የምንሄደው።"

እሱም ተነሣ። አዎም አላለ፣ አይደለምም አላለ። የዚያን ዕለት ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ለመዋሸት የግድ መናገር የለበትም።

እስከ መኪና መሸጫው ድረስ አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ፍሪሲዮኑ እየከዳው፣ ማርሹን እየለመነ ነዳ። እህቱ መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ቆየች። አባታቸው የተዉት ቤት ሲሸጥ የደረሳትን ድርሻ ስድስት ዓመት ሳትነካው አስቀምጣ ኖራ፣ ለዚህ መኪና ነው ያወጣችው። "የምናደደው ለራሴ እንዳልሆነ ታውቃለህ" አለችው። "ልጆቼ እንዴት ሰጠሽው ሲሉኝ፣ አጎታችሁ የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ነው ብያቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሲታለል አያናድድም?"

"ያናድዳል" አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

የሆነው እንዲህ ነበር። መኪናውን ሊገዙ የሄዱ ዕለት ሁለት ፒክአፖች ለዩ። አንደኛው ነጭ፣ አዲስ የሚመስል፣ መቀመጫው ገና ከነላስቲኩ። ሌላው ግራጫ፣ ጎኑ የተፋፋቀ፣ ሞተሩ ግን ትልቅ። እህቱ ውጭ ቀርታ ነጩን ስትዞር፣ እሱ ፎርም ሊሞላ ወደ ቢሮው ገባ። ሻጩ በዕድሜ ከእሱ ጋር የሚተካከል፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። ወፍራም መነጽር አድርጎ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ነበር የሚጽፈው።

"ለጀልባ መጎተቻ ነው አሉኝ። ጀልባዎ ከነሞተሩ ስንት ኪሎ ይሆናል ወንድሜ? የትኛው እንደሚስማማዎት የምናውቀው በዚያ ነው።"

ጀልባ ሠሪው በሠላሳ ዓመት ሥራው ጀልባ ሚዛን ላይ አስቀምጦ አያውቅም። አባቱም አያውቁም ነበር። በእነሱ ዘንድ ጀልባ የሚቆጠረው በሰው ነው። የአራት ሰው ጀልባ አለ፣ የስምንት ሰው አለ፤ ይህን ያህል ሰው ከመሬት ያነሣዋል ማለት ነው። ዋጋውም በዚያ ይነገራል፣ ተሸካሚም በዚያ ይጠራል። የእሱ የአሥራ ሁለት ሰው ነበር። ይህንኑ ቢናገር ሻጩ አባዝቶ ይደርስበት ነበር። ግን ቢሮው ባለ መስታወት ነው፤ ከኋላው ደግሞ ሁለት ከረባት ያሰሩ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። እነሱ ፊት "የአሥራ ሁለት ሰው ጀልባ ነው" ማለት ጨዋታ መስሎ ታየው። ጀልባ ሠሪ ሆኖ የጀልባውን ክብደት አያውቅም እንዳይባል ጆሮው ጋለ።

"ስድስት መቶ" አለ። ከየት እንዳመጣው አያውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተመልሶ አይገባም።

"እንዲያ ከሆነ ነጩ ይበቃዎታል" አለ ሻጩ፣ እየጻፈ።

አሁን ወደዚያው ቢሮ ሲገቡ ሻጩ ከወንበሩ ተነሥቶ በፈገግታ ተቀበላቸው። ፈገግታው እህቱን እስኪያይ ድረስ ብቻ ነበር።

"የማይጎትት መኪና ሸጠውልናል" አለች፣ ሳትቀመጥ። "ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ከነመኪናው ውኃ ሊገባ ነበር። ሰው ነው ያወጣን። አለቃዎን ይጥሩልኝ።"

አለቃዋን መጥራት አላስፈለገም። ከውስጠኛው ክፍል ድምፁን ሰምታ ወጣች፤ በዕድሜ የሻጩ ልጅ የምትሆን፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። እህቱን እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ፎርሙን አስመጣች።

"እዚህ ላይ የጀልባው ክብደት ስድስት መቶ ኪሎ ይላል።"

"ማን ነው እንዲህ ያለው?" አለች እህቱ። "የምን ስድስት መቶ? አሥራ ሁለት ጎረምሳ አፈር ድሜ ግጦ ያወጣው ጀልባ ነው። ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ጀልባ ሠርቷል፤ የገዛ ጀልባውን ክብደት አያውቅም ልትሉኝ ነው?"

ሁሉም ወደ ጀልባ ሠሪው ዞሩ። እሱ የጫማውን አፍንጫ ያይ ነበር፤ የዳርቻው ጭቃ ደርቆበታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ መልሶ አራቀው። "የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው" አለ። "ስድስት መቶ ያሉኝ ይመስለኝ ነበር… ሺህ ስድስት መቶ ብለውኝ ይሆን? የፊቷን አንድ ቁጥር ዓይኔ ስቶ ሳልጽፋት ቀርቼ ይሆናል። እንግዲህ ምን ልበል።"

"ጋሼ" አለች አለቃዋ፣ በቀስታ። "ባለፈው ተነጋግረን ነበር እኮ።"

"ተነጋግረን ነበር ልጄ።"

"ዓይንዎ ካልረዳዎት ቁጥር አይጻፉ ብዬዎት ነበር። ያን ጊዜ ሲሳሳቱ በብር ነው ያለፍነው። ዛሬ በሰው ሕይወት ሊሆን ነበር።"

"እውነትሽን ነው።"

ተቆጥታ ብትጮህበት ይሻል ነበር። እሷ ግን እንደ አባት አክብራው፣ ቃላቱን እየመረጠች፣ እስከ ዛሬ ላገለገለው ሁሉ አመስግና ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ ነገረችው። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረች። "ስህተቱ የእኛ ከሆነ ኪሣራውም የእኛ ነው። ነጩን ትታችሁ ግራጫውን ውሰዱ። ምንም አትጨምሩም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች እህቱ። ትከሻዋ ቀለላት። ወንድሟን ክንዱን ጨበጥ አድርጋ "አየህ? ዝም ቢሉ ኖሮ ተበልተን ነበር" አለችውና ግራጫውን ልታይ ወጣች። አለቃዋ ቁልፉን ከግድግዳው አውርዳ ጀልባ ሠሪው መዳፍ ላይ አኖረችለት። ቁልፉ ከባድ ነበር።

መውጣት ይችል ነበር። በሩ አምስት እርምጃ አይሞላም።

ሻጩ መሳቢያውን ከፍቶ ዕቃውን ያወጣ ጀመር። የሚወስደው ብዙ አልነበረም፤ ማበጠሪያ፣ አንድ ብልቃጥ መድኃኒት፣ እግሩ በክር የታሰረ ሌላ መነጽር። ያንን መነጽር አነሣና ወደ መስኮቱ አዙሮ አየበት። እንደገና ፎርሙን አየ። እንደገና መስኮቱን። በአርባ ዓመቱ ሳይሆን በስልሳው የገዛ ራሱን መጠርጠር የጀመረ ሰው እንዴት እንደሚሆን፣ ያየ ያውቀዋል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ወንድሜ" አለ ቀና ብሎ። "ጥልቅ ነው ውኃው? ልጅ አብሯችሁ አልነበረም?"

"አልነበረም።"

"ተመስገን። ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።"

ጀልባ ሠሪው ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። እህቱን አሰባት፤ ስድስት ዓመት ያልነካችውን ድርሻዋን፣ ለልጆቿ ስለ እሱ የነገረቻቸውን። እውነቱን ከተናገረ ግራጫው መኪና ይቀራል፤ ነጩም ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ የእነሱ ይሆናል። ምሰሶና ተሸካሚዎቹ እስከ ማታ ድረስ ይሰማሉ። ዳርቻው ሁሉ ይሰማል። ጠዋት አንድ ቃል ቢናገር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ያንን ቃል ሲፈራ ቆይቶ አሁን ዋጋው ናረ። ነገ ደግሞ የባሰ ይንራል።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ዓይንዎ ደህና ነው" አለ።

ሻጩ አልገባውም።

"ዓይንዎ ደህና ነው ወንድሜ። የጻፉት ያልኩዎትን ነው። ስድስት መቶ ያልኩት እኔ ነኝ። ክብደቱን አላውቀውም ነበር፤ አላውቅም ማለት አፍሬ ከአፌ ያወጣሁት ነው።"

አለቃዋ ወደ ውስጠኛው ክፍል ልትገባ የበሩን እጀታ ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው። ሻጩ በክር የታሰረውን መነጽር ቀስ ብሎ ወደ መሳቢያው መለሰው።

"ሲጠየቁ ለምን ዝም አሉ?" አለች አለቃዋ።

"ስላፈርኩ ነው። አሁንም አፍራለሁ።"

"እህትዎ ያውቃሉ?"

"አታውቅም።"

አለቃዋ በመስታወቱ ውጭውን አየች፤ እሱም ተከትሎ አየ። እህቱ የግራጫውን ፒክአፕ በር ከፍታ ከመሪው ጎን ተቀምጣለች። መስታወቱን ወደ ራሷ አዙራ ሻሿን ታስተካክላለች። ጠዋት ያልነበረ ፈገግታ ፊቷ ላይ አለ።

"እኔ ልንገርልዎት?" አለች አለቃዋ። ድምፅዋ አልከረረም።

"የለም" አለ። "ይኼ እንኳ የኔ ነው።"

ወጣ። ከቢሮው እስከ መኪናው ያለው ጠጠር መንገድ ረዘመበት። እህቱ ስታየው ከመቀመጫው ጠጋ አለችለት።

"ግባ እንጂ፣ ምን ትቆማለህ? ወንበሩ አርጅቷል፣ ግን ምቹ ነው። ሞተሩን አስነሣውና እንስማው።"

ጀልባ ሠሪው ዞሮ በእሷ በኩል መጣ። በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተና፣ እንድትይዘው እጁን ዘረጋላት።

"እትዬ፣ ውረጂ" አላት። "ይኼ መኪና የእኛ አይደለም።"