ጎንደር በጻካኔ

ሀቢሶ ሆሳዕና አካባቢ አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ውስጥ ግን ይህን ማን ያውቅለታል? እዚህ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና የስልክ ኤርታይም የሚሸጥ፣ ሰፈሩ «ማይ ፍሬንድ» የሚለው ባለሱቅ ነው። የሰፈሩስ ግድ የለም፤ የሚያንገበግበው የገዛ ልጁ ፊቤም ከዚያ በላይ አለማወቋ ነው። ሲመጡ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቷን ጠመኔ ይዞ አይታው አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ግን ደብተሯን ይዛ ሱቅ መጣች።

«አባዬ፣ የሂስትሪ ውድድር አለን። አራት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው ነገር ምረጡ አሉን። አንደኛ የወጣ ፕሪቶሪያ ሄዶ ይወዳደራል። እኔ የኛን አገር ላወራ ነው፤ ታግዘኛለህ?»

ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራውን ትቶ ጎንደርን ቆረቆረ ማለት ይቻላል። ግንቡን በብስኩት ካርቶን ላይ ሣለላት። ዳቦ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ፣ ንጉሡ ዘውድ እስኪጭን ቆሞ ይጠብቃል።

«ፋሲል መቼ ነገሠ?»

«1624!»

«ጎንደርንስ መቼ ቆረቆረ?»

«1628!»

«ጎበዝ!»

አርብ ዕለት፣ ሲታመም እንኳ የማይዘጋውን ሱቅ በቀትር ዘግቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ሱፉን ለብሶ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ኋላ ተቀመጠ። ፊቤ እንግሊዝኛውን አንበለበለችው። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ዳኛዋ መምህርት ወረቀቷን ገልበጥ አደረገች።

«ግሩም ነው። ዓመቶቹ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። 1632 እና 1636 ነው መሆን ያለበት።»

ሀቢሶን ላብ አጠመቀው። የዳቦውን የማብቂያ ቀን በየማለዳው በፈረንጅ ሲያነብ የኖረ ሰው፣ የነገሥታቱን ዘመን በአገሩ አቆጣጠር እንዳለ ለልጁ አሸክሟት ኖሯል! ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ግን ተነሣ። እንግሊዝኛው ይሰባበርበት እንጂ አንገቱን አልደፋም።

«ጥፋቱ የኔ ነው። የኛ ዘመን ከእናንተ በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ መቀየር ረሳሁ። እሷ የነገርኳትን ነው ያለችው።»

ዳኛዋ ፈገግ አለች፤ ነጥቡ ግን አልተመለሰም። ፊቤ ሁለተኛ ወጣች። ለፕሪቶሪያ ሌላ ልጅ ተመረጠ።

ወደ ቤት በእግር ተመለሱ። በመጨረሻ ሀቢሶ ጠየቃት።

«ስልክሽ ላይ አላየሽውም ነበር?»

«አየሁት። 1636 ይላል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

ፊቤ ጥያቄው ገረማት።

«ጉግል የተሳሳተ መስሎኝ ነዋ!»

ሀቢሶ መንገድ መሀል ቆሞ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እሷም የሚያስለቅሰው ፕሪቶሪያ መስሏት ክንዱን ይዛ፣ «ሁለተኛም እኮ ጥሩ ነው፣ አባዬ» እያለች ታባብለው ጀመር።