የቄስ ያርጋል ቁስል

«እሰይ! ደርቋል» አለች ሲስተር ሐመልማል ጓንቷን እያወለቀች። «እብጠቱም የለም።»

ቄስ ያርጋል ሱሪያቸውን እየታጠቁ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ሐምሳ ዓመት ሙሉ ስሙን ጠርተውት የማያውቁትን ገላ ልጃቸውን ለምታህል ሴት ሲያሳዩ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው፤ ዛሬም መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

«ቅባቱን አንድ ሳምንት ይጨምሩ። በለብታ ውኃ ታጥበው በደንብ ያድርቁት። ስኳርዎን ካልተቆጣጠሩ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ያቆሰለዎት እሱ ነው።»

«ከሴት የመጣ አይደለም አልሽኝ?»

«አይደለም አባቴ! ስንቴ ልንገርዎት?»

ስንቴም ብትነግራቸው አይጠግቡም። ቁስሉ ደምና መግል ስለነበረው አራት ወር መቅደስ አልገቡም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድማ። ቅዳሴ ሲደርስ ከምእመናን ጋር ደጅ ይቆማሉ። ለምን ቢባሉ ዝም። ቄስ ደጅ ከቆመ ደግሞ አገሩ የሚያውቀው ምክንያት አንድ ነው፤ በሚስቱ ላይ ሌላ ሴት ደርሷል፣ ክህነቱ ፈርሷል። እዚህ ዳባት ሰው ሁሉ ያውቀኛል ብለው ደባርቅ ለሕክምና መመላለሳቸው ነገሩን አባሰው፤ «ውሽማው እዚያ ናት» ተባለ። ወይ አለማወቅ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ስንቱን የመከሩ ሰው ናቸው።

ሰፈራቸው ሲደርሱ ሚስታቸው ወለተ ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ገብስ ታበጥራለች። ሚኒባስ ውስጥ ሲለማመዱት የመጡትን ነገር እንደቆሙ፣ ዓይኗን ሳያዩ አወጡት። ቁስሉን፣ ስኳሩን፣ ቅባቱን። አራት ወር ጀርባቸውን ሰጥተዋት የተኙት ለምን እንደሆነ።

ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«ምነው ለኔ እንኳ! እኔ ባጥብልዎ ምን ነበረበት?»

«አፈርኩ፣ ወለቴ።»

«ጧት እርስዎ እንደወጡ የደብሩ ሽማግሌዎች ወሬውን ሊያጣሩ መጡ። ‹ከጎንሽ ይደርሳሉ ወይ?› ብለው በመስቀል አስማሉኝ። አራት ወር አልደረሱም አልኩ። ‹ታመው ይሆን?› አሉኝ። ምንም አላመማቸው፣ ደህና ናቸው አልኩ። ምን አውቄ! ክህነትዎን ለሚመረምረው ጉባኤ ነው ብለው ጽፈው፣ በጣቴ አስፈርመውኝ ሄዱ።»

ቀለሙ ከአውራ ጣቷ ላይ ገና አልለቀቀም። በቀሚሷ ጫፍ ትፈትገዋለች።

«ነገ ሄጄ ውሸት ነው ልበላቸው?»

«ምኑን? አልደረሱም ያልሽው እኮ እውነት ነው። አሁን ታመው ነበር ብትዪ ባሏን ልታድን ነው ይሉሻል።»

ወለተ ጊዮርጊስ አለቀሰች። ከዚያ፣ ከመንገድ በገቡ ቁጥር እንደምታደርገው፣ መስቀል ለመሳለም ከፊታቸው ጎንበስ አለች። የቄስ ያርጋል እጅ ወደ ብብታቸው ገባ። መስቀሉን ጨበጠው፤ በዚያ ወረቀት ክህነቱን ሊያጣ የደረሰ እጅ ነውና አላወጣውም። እሷም አንገቷን አላቀናችም።